መብራት ሲጠፋ የሚተኛው መለኪያ

…ትናገራለች፣ ዛሬስ ትናገራለች፣ ሰብሳቢው እስክሪብቶ አንስተዋል፣ የማሸጊያውን ትእዛዝ ከፈረሙ የእንጨት ምድጃ ያለው ዳቦ ቤት ሁሉ ይታሸጋል፣ የእህቷም፣ ዳቦ ሸጣ ያስተማረቻት የታላቅ እህቷ፣ የከተማው የአየር ብክለት ጥናት ከተማውን ያጨሰው ምድጃ ነው ይላል፣ መኪናው ትንሽ፣ ፋብሪካው ትንሽ፣ ጄኔሬተሩ ምንም።

ምንም!

ጥናቱ የተሠራበት የአየር መለኪያ አይዋሽም፣ ይተኛል። የምትከታተለው እሷ ናት፣ ታውቀዋለች፣ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ፋብሪካው ጄኔሬተር የሚያስነሳው ደግሞ ያኔ ነው፣ ከተማው በናፍጣ ሲታጠን እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ መብራት ሲመጣ ይነቃና የዳቦ ቤት ጭስ ይለቅማል። ይህን ካወቀች ሰነበተች፣ ዝም ብላ፣ ትናንት እህቷ ከስተሻል እንዴ ብላ በዱቄት እጇ ጉንጯን ስትዳብሳት እንኳን ዝም፣ እንዲህ ያለ ዝምታ አፈር ያስበላል እኮ።

ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ፣ ከመፈረምዎ በፊት። ድምፁ የማን ነው? የእሷ ነው! የፋብሪካዎቹ ተወካይ ፈገግ ይላል፣ ምነው እህቴ፣ የእህትሽ ዳቦ እንዳያርርባት ነው? ሳቅ፣ ይሳቁ፣ አዎ እህቴ ዳቦ ቤት አላት፣ ምድጃዋም ያጨሳል፣ አልካድኩም፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ይህ አምፖል በምን በራ?

ሁሉም ወደ አምፖሉ ያንጋጥጣል።

ከመስኮቱ ሥር የአዳራሹ ጄኔሬተር ድድድድ ይላል፣ ሲጮህ አርፍዶ አሁን ገና ሰሙት፣ በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ውሻ እንዳባረረው ድመት ይወጣል፣ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይሄ ሁሉ ከየት ነው፣ ከእኛው ነው ጌታዬ፣ ከእግራችን ሥር።

አጥፉት በሏቸው ይላሉ ሰብሳቢው።

ድድድድ ቆመ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ ምድጃን ጥፋተኛ ያደረገው የጥናቱ ባለ ቀለም የፕሮጀክተር ሥዕል ከግድግዳው ላይ እልም አለ፣ እሰይ፣ እስክሪብቶውም ወደ ኪስ ተመለሰ፣ እንደ አዲስ ይለካ ይላሉ፣ መብራት ሲኖርም ሳይኖርም፣ አንቺው ምሪው፣ ተወካዩ ጣሪያውን ያያል፣ ምን አጣ እዚያ፣ እግሯ መሬት አልነካም፣ ተቀመጪ ይሏታል፣ አትቀመጥም፣ ከሆቴሎቹ እንጀምር ትላለች፣ ከዚያ ፋብሪካ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ የሚቃጠለው ቆሻሻ፣ የእህቴም ምድጃ፣ አንድም አይቀር፣ ሁሉም የየራሱን ጭስ ይውሰድ፣ አሁን ማን ያስቆማታል፣ ማንም።