የሚሰፋው ሞተር

ጎህ ሲቀድ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ሽማግሌው ሹፌር ቦቴውን ቀስ አድርጎ እየነዳ ውሃ ይረጫል። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም፤ ቀይ አፈር ተነጥፎበታል። አቧራው እንዳይነሳና አፈሩ እንዲጠብቅ በየቀኑ መጠጣት አለበት። ሥራው ይኸው ነው። ይሄዳል፣ ያፈስሳል፣ ይመለሳል፣ ይሞላል። ቦቴው ከእግረኛ አይፈጥንም።

ከእግሩ ሥር፣ ከሞተሩ ሽፋን በታች፣ ጥክ ጥክ ጥክ ይላል።

ድምፁን ያውቀዋል። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ስትሰፋ የሰማው ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ይፈጥናል፤ ረጅም ቀጥ ያለ ስፌት ጀምራለች ማለት ነው። እግሩን ሲያነሳ ይዘገያል፤ ጨርቁን ልታዞር ነው። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል። ጉሙ ውስጥ ግን በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ፣ የረጠበው መንገድ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ይወጣል። እሷ ከታች ተቀምጣ ጠርዙን እየቀመቀመች የምትለቅለት ይመስለዋል።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ሞተሩ ሲያንኳኳ ደስ የሚለው ሹፌር የለም።

ቦቴው የሁለት ሰው ነው። ጠዋት እሱ ይነዳል፣ ከቀትር በኋላ የሴት ልጁ ባል። አማቹና እሱ ከተኮራረፉ ወራት አለፉ። ነገሩ ትንሽ ነው። አማቹ ወገቡን ያመዋልና የሹፌሩን ወንበር ትራስ አንስቶ በቦታው አዲስ ስፖንጅ አደረገ። ያን ትራስ የሰፋችው ሚስቱ ነበረች፣ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ ገጣጥማ። አማቹ ሳይጠይቅ አነሳው። ሽማግሌውም የት አደረስከው ብሎ አልጠየቀም። ዝምታው ሲከርም አማቹም በተራው ተቀየመ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል። መነገር ያለበት ነገር ሲኖር ልጅቷ በመሃል ታመላልሳለች።

“አባባ፣ ነዳጅ አለው ወይ ይልሃል።”

“ዓይን ካለው ይይ በይው።”

“አለው ብሏል” ትላለች ዞር ብላ። ባሏ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ቆሟል።

ሰሞኑን ቦቴው ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። የቆመበት ቦታ ሁሉ ዘይት ያንጠባጥባል። የዘይት መብራቷ ቀይ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ሽማግሌው ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዞ ያያል፤ ዘይቱ ሁልጊዜ ከምልክቱ በታች ነው። “ያ ሰው ዘይት አያይም” ይላል በሆዱ፣ ትንሽም ደስ እያለው። ይጨምርና ክዳኑን አጥብቆ ይሄዳል። ለማንም አይናገርም።

በመጨረሻ አማቹ በሚስቱ በኩል ቃል ላከ። “ሞተሩ አብቅቷል። መካኒኩ ቀጭኑ ዘንድ እንውሰደውና ሞተሩ ይውረድ ካለ፣ ቦቴውን ቆርቆሮ ቆራጮቹ ወስደው ይበታትኑት። እኔ ሌላ መኪና አላጣም። አባትሽም ይረፉ።”

ይረፉ የምትለዋ ቃል ሽማግሌው ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ራሱን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሲጠይቀው አየ። ጥክ ጥክ የሚል ነገር በሌለበት ቤት። ቢሆንም “እሺ በይው” አለ። የቀጭኑ ቃል የመጨረሻ እንዲሆን ተስማሙ።

ሦስቱ በአንድ ጋቢና ሄዱ፣ ልጅቷ መሃል ተቀምጣ። ጉሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ዛፎቹ ከመንገዱ ዳር እየወጡ ተመልሰው ይገባሉ። ሽማግሌው መሪውን ይዞ ስፌቱን ይሰማል። መንገዱ ባያልቅ ደስ ባለው።

ቀጭኑ ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ነው። አሁን መኪና ሥር ለመግባት መኪናውን በክሪክ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። ከሽማግሌው ጋር አብረው ያደጉ ናቸው።

“አለህ እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ?”

“ካንተ በኋላ ነው የምሄደው።”

“እንግዲያው ትቆያለህ። እኔ በዚህ ሆዴ በየትኛውም በር አልወጣም።” ኮፈኑን ከፈተ። “አስነሳው።”

ሞተሩ ተነሳ። ቀጭኑ ረጅም ካቻቪቴ አውጥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከታች ጀመረ። ቦታ እየቀያየረ ወደ ላይ ወጣ። ሦስቱ ፊቱን ፊቱን ያያሉ።

“ሆዱ ደህና ነው” አለ። “ታች ያለው ቢበላ ኖሮ ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ዱም ዱም የሚል። ይሄ ከላይ ነው፣ ቫልቮቹ ጋ። ቀጭን ነው። እስቲ አንተም ስማው።”

ሽማግሌው እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ጋራዡ ጠፋ። የብረቱ ጩኸት፣ የሰዉ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፣ መስኮቷ አጠገብ። እግሯ ይረግጣል፣ መርፌው ይወርዳል ይነሳል። ጨርቁ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ሞልቷል፣ ጉልበቱ ድረስ ደርሷል። ጨርቁ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ቀና ብትልለት አንድ ነገር ሊጠይቃት ፈለገ። ቀና አላለችም፤ ሥራ ይዛለች።

“ምን ሰማህ?” አለ ቀጭኑ።

“ስፌት” አለ ሳያስበው።

አማቹ ዞር ብሎ አየው። ልጅቷ ወደ መሬት አየች። ቀጭኑ አልሳቀም። “ሱሪዬን በየዓመቱ የምታሰፋልኝ እሷ ነበረች” አለ ዝግ ብሎ። “አጥፋው።”

ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀጭኑ ዘንጓን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ነከረ፣ እንደገና መዘዘ። ለረጅም ጊዜ አያት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ከዚያም በጣም አልፎ ወጥቷል። ላዩ ላይ እንደ ሳሙና ደቃቅ አረፋ ነበር።

“ውሃ ገብቶበት ነው?” አለ አማቹ።

“ውሃ ቢገባ ወተት ይመስል ነበር። ይሄ አየር ነው።” ቀጭኑ ዘንጓን ሦስቱም ፊት ይዞ ቆመ። “ይህን ሁሉ ዘይት ማነው የጨመረ? ካላወቅሁ ሞተሩን አውርጄ ልፈልግ ነው።”

ሽማግሌው ጫማውን አየ። ቢናገር፣ አማቹን ሲሰልል መክረሙን ማመኑ ነው። የሞተሩንም ሕመም በገዛ እጁ ማምጣቱን። ዝም ቢል ደግሞ ሞተሩ ይወርዳል፣ ቆራጮቹ ይመጣሉ፣ ግድግዳው ይጠብቀዋል። ዝም ማለት ለምዶ ነበር። ቃሉን ማውጣት የዛገ ቡሎን እንደ መፍታት ከበደው።

“እኔ ነኝ” አለ። “ጠዋት ጠዋት። ጎድሎ አገኘዋለሁ።”

አማቹ ጆሮውን አከከ።

“እኔም” አለ። “ቀትር ላይ። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ምልክቱን አያዩም ብዬ።”

“እኔም አንተ አታይም ብዬ” አለ ሽማግሌው። ቀጥታ ለእሱ ነበር የተናገረው። ልጅቷ ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች።

“የት ነው የምታቆሙት?” አለ ቀጭኑ።

“ድሮ ደጁ ላይ ነበር” አለች ልጅቷ። “ለቧንቧ ጉድጓድ ከቆፈሩበት ወዲህ አጥሩ ጎን፣ ዳገቷ ላይ።”

“አፍንጫው ወደ ላይ?”

“ወደ ላይ።”

ቀጭኑ በግማሽ ውሃ ያለበት ጣሳ አንስቶ አዘነበለው። ውሃው ወደ አንድ ጎን ሸሸ። “መለኪያዋ ያለችው ከፊት ነው። እናንተ ሽቅብ ታቆሙታላችሁ፣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጎደለ ትላላችሁ። አንዱ ይጨምራል። ሌላው መጥቶ ይጨምራል። ሁለት እናት እንዳለው ሕፃን፣ አንዷ አጥብታው ስትሄድ ሌላዋ ጡቷን ይዛ ትመጣለች። ልጁ አልታመመም፣ ጠግቦ እያገሳ ነው።”

“ጭሱስ?” አለ አማቹ።

“ትርፉ የት ይግባ? በጭስ ይወጣል፣ በየስንጥቁ ይንጠባጠባል። እናንተ ደግሞ ዘይት በላ ብላችሁ ትጨምራላችሁ። ታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ ዘይቱን ሲደበድበው አረፋ ይሆናል፣ ፓምፑም አረፋውን ወደ ላይ ይልከዋል። ቫልቮቹ ዘይት ሲጠብቁ አየር ይደርሳቸዋል። የሚያንኳኳው አየር ነው።”

አየር ነው። ሽማግሌው ቃሏን በሆዱ ደገማት።

“ታዲያ ሞተሩ አይወርድም?” አለች ልጅቷ።

“ለምን ይወርዳል? ምን በደለ? ዘይቱን አፍስሳችሁ ልክ ልኩን ቅዱለት። ቶሎ ስለመጣችሁ ነው እንጂ፣ ትንሽ ብትቆዩ እውነት ትጨርሱት ነበር።”

አማቹ በጀርባው ተኝቶ ገባ፣ የዘይት ማፍሰሻውን ታፖ ፈታ። ሽማግሌው ተንበርክኮ ሳፋውን ያዘለት። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ በኃይል ወረደ፣ ላዩ ላይ አረፋው እየፈነዳ። “ወደ እኔ ትንሽ፣ አባባ” አለ አማቹ ከሥር። ሽማግሌው ሳፋውን ገፋለት። ፍሰቱ ቀስ በቀስ ቀጠነ። ጣት አከለ፣ ሲባጎ አከለ፣ በመጨረሻ ክር ሆነ። ክሩ ረጅምና የሚያበራ ነበር፣ የሚያልቅም አይመስልም ነበር። ሽማግሌው እስኪበጠስ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

አዲስ ዘይት ቀዱ። ቀጭኑ መለኪያዋን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ጋቢና ገብቶ አስነሳው።

ጥክ ጥክ ጥክ አለ፣ እንደ ወትሮው። ቀይ መብራቷ ጠፋች። ድምፁ ራቀ፣ ሌላ ክፍል የገባ ያህል። አንዴ ጥክ አለና ቆም አለ። ሚስቱ ልብሱን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ እንዲህ ነበር የምትቆም። ከዚያ የሞተሩ ለስላሳ ጉርምርምታ ብቻ ቀረ።

ነዳጅ ሊሰጥ እንደሚያስብ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ድምፁ አልተመለሰም።

“ማንኳኳቱን ተወ፣ አባባ?” አለ አማቹ በመስኮቱ።

“ተወ።”

ያን ቀን ማታ ቦቴውን መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ አቆሙት። ሽማግሌው በማግሥቱ ጠዋት ዘንጓን መዘዘ፤ ዘይቱ ከምልክቱ ጋር ልክ ነበር። አልጨመረም። ጉሙ ውስጥ ሲነዳ ሞተሩ ዝም አለው። መጀመሪያ ጆሮው ባዶ ሆነበት። ቆይቶ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ሰማ፤ ከጀርባው ውሃው በጋኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይተነፍሳል።

ቀትር ላይ ቁልፉን ምስማሩ ላይ አልሰቀለም። አማቹን ጠብቆ እጁ ላይ አኖረለት።

“ዘይቱን አይቻለሁ። አትጨምር።”

“እሺ፣ አባባ።” አማቹ ሄዶ ከቤት አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ትራሱ ነበር። ታጥቧል፣ አንድ ጎኑ የተተረተረው ቦታ ባልሰለጠነ እጅ ተሰፍቷል። “አልጣልኩትም። አልጋ ሥር ነበር። ስፌቱ የኔ ነው፣ አይሳቁብኝ።”

ሽማግሌው ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጠማማ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ትራሱን በሹፌሩ ወንበር ላይ አላደረገውም። ዞሮ በሌላው በር ገባና ጎን ያለው ወንበር ላይ አኑሮ ተቀመጠበት።

“ዛሬ ይዘኸኝ ሂድ” አለ። “ቤት ምን አደርጋለሁ?”

ቦቴው ተነሳ። ቀይ አፈሩ ጋ ሲደርሱ አማቹ ውሃውን ለቀቀው። ሽማግሌው ራሱን በመስኮቱ ላይ አስደግፎ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ አየ። መንገዱ ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ተዘርግቶ ይወጣል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። ያንኑ ጠርዝ እያየ እንቅልፍ ወሰደው።