«እኔ አለሁ» ያልሁባት ጠዋት

ግራዝማች ወንድይራድ፣ መሪጌታ ልሳነ ወርቅና ወይዘሮ እታገኘሁ የሰፈራችንን እድር ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የጻፉት ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት አልነበረም። «ያልተጠራ ሰው አይወቀስም፤ ቃሉ ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም» ብለው ነበር የጻፉት። የጻፉትንም ኖሩበት። ወይዘሮ እታገኘሁ የሌለ ሰው ስም በክፉ የተነሣ እንደ ሆነ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ከጉባኤው ይወጡ ነበር። መሪጌታ የተፈረደበትን ሰው በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ሳይጠይቁ እህል አይቀምሱም ነበር።

ዳኝነቱ ከእነርሱ ወርዶ ወደ እኔ ከመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከክፍል አልዘገየሁም፤ ከቀብርም አልዘገየሁም። የእድሩ ጥሩምባ በተነፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ ከለቅሶው ቤት ደጃፍ እገኛለሁ። በመገኘት መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ስም ሁልጊዜ የእኔ ነው። ይህን የሚለው ለመመካት ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

ቤቴ ጎንደር ውስጥ፣ ከማራኪ ሰፈር ዝቅ ብሎ ነው። ባለቤቴ ዓይናዲስ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ። ልጆቼ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ ጤናዬን ጠይቀው፣ ጤናቸውን ነግረውኝ ስልኩን ይዘጋሉ። በበሩ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለትዕግስት አከራይቻለሁ። ትዕግስት የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። ባሏ ሰውአገኝ የመንገድ ቀያሽ ስለ ሆነ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ቢል ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጃቸው ቤዚ ትባላለች። ትዕግስት በየማለዳው መስኮቴን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ «አያ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች፤ ሕፃኗም ከኋላዋ «አያ፣ ደሩ?» ትላለች። ራዲዮኑን ካልቈጠርሁት፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ የምሰማው ይህን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ። ስለዚህ በግቢዬ መካከል በሲሚንቶ የተለሰነ የውኃ ጉድጓድ አስቈፍሬአለሁ። የብረት ክዳን አለው፤ በክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። በአጥሩ ግንብ ላይም በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም፣ «ክዳኑን የከፈተ ራሱ ይክደን» ብዬ ጽፌአለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ውኃ መጣ። ጎማውን ሰክቼ፣ ክዳኑን አንሥቼ የውኃውን ከፍታ በእንጨት እለካ ነበር። ትዕግስት ከሌሊት ተረኝነት ተመልሳ ልጇን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ራሷ ወደ ግድግዳው ዘንበል እያለ ይመለሳል። «ግቢና ጋደም በይ፤ ልጅቱን እኔ አያታለሁ፤ እኔ አለሁ» አልኋት። እንዳላስቸግርዎ ብላ እምቢ አለች። ደገምሁላት፤ ገባች። ቤዚ ከጎማው ቀዳዳ በሚፈናጠቀው ውኃ እጇን ታጥብ ነበር።

በዚህ ጊዜ ጥሩምባው ተነፋ። የሞቱት የእድሩ ነባር አባል ነበሩ። ነፊው ስማቸውን ሲጠራ እንጨቱን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ፤ ጋቢዬን ደረብሁ፤ ከዘራዬን ያዝሁ፤ የግቢውን በር ከኋላዬ ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ስለ ክዳኑም፣ ስለ ልጅቱም፣ ስለ ሰጠሁት ቃልም አላሰብሁም። ለማመካኘት ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ልማድ ነው የወሰደኝ፤ ሌላ የለም። መዝገቡ ላይም እንደ ወትሮው አንደኛ ፈረምሁ።

ከቀብር ስመለስ ግቢዬ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ሕፃኗ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ነበር። ትዕግስት ድምፁን ሰምታ ከእንቅልፏ ተነሥታ ከነልብሷ ዘለለች፤ ውኃው እስከ ደረቷ ነበር፤ ልጅቱን በራሷ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትጮህ ጎረቤት ደርሶ ሁለቱን በገመድ አወጣቸው። እኔ ስደርስ ወደ ሐኪም ቤት ሄደዋል፤ ልጅቱም ደኅና ናት አሉኝ። ከደረሱት አንዱ በመንገዱ ጥግ ስልክ የሚጠግነው አቢ ነበር። አቢ ብዙ ሰው የሚከተለው የቲክቶክ ገጽ አለው። እርሱ ገመድ ከመሳብ ይልቅ ቀርጾአል።

አንዲት ሴት ነርሷ ጉድጓዱን ከፍታ ተኝታ ነው ብላ ነገረችኝ። ሌላዋ ወደ ግንቡ እያመለከተች፣ እርስዎ ይህን ያህል ጽፈው አስጠንቅቀው ሳለ አለች። አፌን ከፍቼ ነበር። በቀይ ቀለም የጻፍሁትን አየሁት፤ ሰዎቹም እያነበቡት ነበር። «እንኳን ተረፈች» ብዬ ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ማታውን አቢ ፊልሙን ለቀቀው። አርባ ሰከንድ ነው። ትዕግስት ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ፣ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ እኔው ነኝ…» ስትል ያሳያል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ከላዩ «ልጇን ጉድጓድ አፍ ላይ ትታ የተኛች ነርስ» ተብሎ ተጽፎበታል። በሦስት ቀን ጎንደር ቀርቶ ጎንደርን በካርታ የማያውቅ ሰው ሁሉ ፈረደባት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? አንዱ እናት አትባልም አለ፤ አንዱ የሙያ ፈቃዷ ይነጠቅ አለ፤ አንዷ ደግሞ እኔ ስድስት አሳድጌ አንድ ቀን ዓይኔን አልነቀልሁም ብላ ጻፈች። በምትሠራበት ቦታ አንዲት ወላድ ይቺ ልጄን እንዳትነካብኝ አለቻት። ይህን የሰማሁት ከእርስዋ አይደለም፤ ሥጋ ቤት በር ላይ ሲሳቅበት ነው።

መስኮቴ ከዚያ ወዲያ አልተቈረቈረም። በግድግዳው በኩል ሕፃኗ ስትስል፣ እናቲቱ ስታባብላት እሰማለሁ። ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የእግሯ ኮቴ መጥቶ ያልፋል። ታውቃለች። በግቢው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ ጠዋት ወዲያ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም እንዲሁ። ለምን እንዳልተናገርሁ በየቀኑ ሌላ ምክንያት አገኝ ነበር፤ ወሬው ይበርዳል፣ ልጅቱ ድናለች፣ ሳይጠይቁኝ መናገር ማዕረግ የለውም። ሁሉም በምሳ ሰዓት ይረግፋል።

በሁለተኛው ሳምንት የሰውአገኝ እናት፣ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ከሳንጃ መጡ። ፊልሙን እዚያው ገበያ ላይ አሳይተዋቸዋል። ልጅቱን ወስደው እዚያ ሊያሳድጉ ቈርጠዋል። ሰውአገኝ በስልክ ተጠይቆ የእድሩ ሽማግሌዎች የወሰኑት ይሁን አለ። ጉዳዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲታይ ተባለ፤ ዳኛውም እኔ ነኝ።

ዓርብ ዕለት ትዕግስት በግቢው ስታልፍ ቆመች።

«አያ፣ እሑድ የሚዳኙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ሸጋ» አለች፤ ሄደችም። ቁጣ ቢኖርበት እንዴት በተሻለኝ።

እሑድ በእድሩ አዳራሽ ሰው ከወትሮው በእጥፍ መጣ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቆመው ነገራቸውን በሥርዓት አቀረቡ። ለምራታቸው ክፉ እንደማይመኙ፣ ነገር ግን ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ልጅ ሊጠብቅ እንደማይችል፣ በሳንጃ ግን ሕፃን የሚጠብቅ ዘመድ ሞልቶ እንዳለ ተናገሩ። ጉድጓድም የለብን አሉ። ከኋላ አንዱ «በሳንጃ ሙቀት ጉድጓዱስ ምን ውኃ ይይዛል!» ብሎ አሳቀ። ወይዘሮዋ ዘወር ብለው «አንተን የጣለ ጉድጓድ ጠላ ቤት ነው፤ ዝም በል» አሉት፤ ሳቁ ባሰ። የልጅቱ ልብስ በነጠላ ተጠቅልሎ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ነበር። ቀጥሎ ለምስክርነት የተጠራው አቢ በስልኩ አርባውን ሰከንድ አሳየ። ሳቁ ጠፋ።

ትዕግስትን ቃልሽን ስጪ አልኋት። ተነሥታ «ሸለብ አድርጎኝ ነበር» አለች። ሌላ ይኖርሽ እንደ ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። መሬት መሬት አየች። የለኝም ብላ ተቀመጠች። ቤዚ በጉልበቷ ላይ ሆና የአዳራሹን ሰው እየቈጠረች የምትመስል ነበረች።

ፍርዱን ለመስማት ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከወንበሬ ተነሥቼ ወርጄ ከትዕግስት አጠገብ ቆምሁ።

«ክዳኑን የተውሁት እኔ ነኝ። ልጅቱን አያታለሁ፤ ግቢና ጋደም በይ ያልኋትም እኔ ነኝ። ጥሩምባ ሲነፋ ጥያቸው ሄድሁ። ዐሥራ ሁለት ቀንም ዝም አልሁ» አልሁ።

ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። የሰማሁት ግን የአድናቆት ጉርምርምታ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠራርገው ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው አሉ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ተነሥተው እጅ ነሱኝ።

«አያ አስናቀው፣ እግዜር ይስጥዎ። ሽማግሌ ለማስታረቅ ሲል ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል፤ በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጅ በይሉኝታ አታድግም።»

እውነት ነው፣ ውሸት አይደለም አልሁ። የእድሩ ጸሐፊ ይበልጣል በአክብሮት ፈገግ ብሎ መዝገቡን ገለጠ። በዚያ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አንደኛ የፈረምሁት እኔ መሆኔን አነበበ። እርስዎ ቀብር ላይ ነበሩ፤ ሁላችንም አይተንዎታል አለኝ። ጥፋቴ እርሱ አይደለም ወይ ብዬ ጮኽሁ። በማስተማር ዘመኔ እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሰዎቹ ግን ደክሟቸዋል፤ ይቀመጡ አሉ፤ አንዱ ክንዴን ይዞ በቀስታ ወደ ወንበሬ ሊመልሰኝ ሞከረ። ስድሳ ዓመት የለፋሁለት ስም በፊቴ እንደ ግንብ ቆሞ ነበር፤ እኔ በወዲያ በኩል ቀረሁ። ዓይናዲስ በሞተች ዕለት እንኳ እንዲያ ብቻዬን አልሆንሁም።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተመካክረው ልጅቱ ከአያቷ ጋር ትሂድ አሉ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ የልብሱን ጥቅል አንሥተው የልጅቱን እጅ ያዙ። ትዕግስት አላለቀሰችም። ተንበርክካ የልጇን የጫማ ክር ማሰር ጀመረች፤ ታስራለች፤ ትፈታለች፤ እንደ ገና ታስራለች።

«ጋሼ አልዋሹም» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። አቢ ነው። በሰው መካከል አልፎ መጥቶ ስልኩን ለይበልጣል ሰጠው። «ይኸኛው ሙሉው ነው» አለ።

ይበልጣል ድምፁን ከፍ አደረገው። መጀመሪያው የምናውቀው ነው፤ «ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ እኔው ነኝ…» አርባው ሰከንድ አለፈ፤ የትዕግስት ድምፅ ግን ቀጠለ። «…እኔው ነኝ የተኛሁ። አያ ‹እኔ አለሁ፤ አያታለሁ› ብለውኝ ነው የገባሁት። አያ የት ሄዱ? ክዳኑ ክፍት ነው፤ እሳቸውም ገብተው እንዳይሆን! ምነው ቆማችሁ፤ ውስጡን እዩት እንጂ፤ አያን እዩአቸው!» በዙሪያዋ ሰው ሁሉ ይጯጯኻል፤ ቃሏን ልብ ያለ አይመስልም። ከዚያ አንድ ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ ጐንበስ ሲል፣ ትዕግስትም እንደ ረሰረሰች ልጇን ለሌላ ሴት ሰጥታ እንደ ገና ወደ ጉድጓዱ ስትሮጥ ይታያል።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሕፃኗን እጅ ለቀቁ። ተቀመጡ፤ ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር። «ሂጂ፣ ወደ እናትሽ» አሉ በዝቅታ። ክንዴን ይዞኝ የነበረው ሰው እጁን አነሣ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የተመለከተ አልነበረም፤ በዙሪያዬ አንድ ሁለት እርምጃ ያህል ባዶ ቦታ ሆነ። በዚያ ባዶ ቦታ ቆሜ፣ ያንን ለምን እንደ ቈረጠው አቢን ጠየቅሁት።

እርሱ ግን መልሱን ለእኔ አልሰጠም። ወደ ትዕግስት ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።

«የጋሼ ስም እንዳይነሣ ብዬ ነው የቆረጥኩት። እሳቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ አንቺ ተከራይ ነሽ። ባንቺ ላይ ቢወራ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። በኋላ ስድቡ ሲበዛ፣ ቀሪውን ባወጣው ሰው ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ፈራሁ። በየቀኑ እየከፈትኩ አየው ነበር። ሌላ ሰው አልተሳሳተም፣ ሲስተር፤ የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሙሉውን ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ።»