ያረረው ሽሮ ዜማ

ልያ ባሕር ማዶ፣ ሶፊያ ከተማ፣ ጋዜጠኝነት ተምራ በተመለሰች በዓመቱ፣ አዲስ አበባ የምትሠራበት መጽሔት ወደ ተወለደችበት ጅማ ላካት። የከተማው ኪነት ቡድን ድምፃዊት ባህሪያ በቡና ለቀማ ዘፈኗ ስሟ ገንኖ ለሽፋን ተመርጣ ነበር። አዘጋጁ ጋሽ ዓለምብርሃን ለልያ ጥያቄዎቹን አስይዞ ነው የሸኛት፤ መቼ ታገቢያለሽ፣ ምን ዓይነት ወንድ ትወጃለሽ፣ ምን ወጥ ይሆንልሻል። ያለፈው ወር ባለተራ ወንድ ድምፃዊ ነበር፤ እሱን የጠየቀችው ዜማ እንዴት እንደሚያወጣ ነው።

ባህሪያ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ እናቷ ደጃፍ ላይ በቆሎ እየፈለፈለች ጠበቀቻት።

«ጥያቄሽን ተዪውና አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለቻት። «ዜማው የኔ ነው። በሬዲዮ ግን ‹ዜማ ፈለቀ› እየተባለ ይነገራል።»

ፈለቀ የቡድኑ መሪ ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል።

«ለእሱስ ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ‹አንቺ ፈገግ በይ፣ ሌላውን ለኛ ተዪው› አለኝ። አዲሱንም ዘፈኔን በስሙ ሊያስነግር ነው።»

ልያ ብዕሯን ጣቷ ላይ አዟዟረች። ብትጽፈው ይሰረዛል። አንዲት ተዋናይት ስለ ሥራዋ የተናገረችው ሁሉ ወጥቶ የዶሮ ወጧ ብቻ ሲቀር በዓይኗ አይታለች። ሶፊያ የተማረችው እዚህ ምን እንደሚረባት እንጃ፤ እዚያም ቢሆን ከሴት ሥራ ይልቅ ፎቶዋ ይቀድም ነበር።

«እንዴት መጣልሽ ዜማው?» አለች፣ እንዲያው ለወጉ።

«ሽሮ ጥጄ። ወላሂ፣ በማማሰያው ድስቱን እየመታሁ ሳንጎራጉር አረረ። እማ ድስቱን በአሸዋ ፈግፍጋው እንኳ አልለቀቀም።»

ልያ ቀና አለች። ጋሽ ዓለምብርሃን የወጥ ቤት ወሬ ቆርጦ አያውቅም።

«‹ምን ወጥ ይሆንልሻል› ለሚለው ይኸንኑ መልስ ላድርገው?»

እናትየዋ ለጢፋ ከውስጥ ብቅ አሉ። «ያ ረቢ፣ ሽሮ አሳረረች ብለሽ በጋዜጣ? ከአጋሮ ሽማግሌ ሊልኩላት ነው እኮ።»

«እማማ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ...»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የምታገባው እሷ።»

ባህሪያ የፈለፈለችውን በቆሎ በእጇ ስታመላልስ ቆየች።

«ጻፊው» አለች።

መጽሔቱ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ባህሪያ በተውሶ ቀሚስ የቡና ቅርንጫፍ ታቅፋ ትስቃለች፤ ከሥሯ «የከፋ ክፍለ ሀገር እንቡጥ» ይላል። ስለ ልምምዷ የተጻፈው ተሰርዟል። ሽሮው ግን ከነማማሰያው፣ ከነዜማው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ወጥቷል።

ልያ ያበላሸችው ነገር ካለ ልትሰማ ፈቃድ ወስዳ ጅማ ወረደች። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ገበያ ውስጥ ባህሪያን ያየ ሁሉ «ሽሮዬ፣ ዛሬስ አረረ?» ይላታል።

ቅዳሜ ማታ ቡድኑ የሚዘፍንበት አዳራሽ ሞላ። አስተዋዋቂው «የቡና ለቀማ፣ ዜማ በጓድ ፈለቀ» ሲል፣ ከኋላ አንድ ሰውዬ ረጋ ብሎ ጠየቀ።

«ጓድ ፈለቀ ደግሞ ሽሮ መቼ ጣደ?»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እፊተኛው ወንበር ደረሰ። ባህሪያ ሳትስቅ ቆማ ጠበቀችና ዘፈነች። ከዚያ ፈለቀ አኮርዲዮኑን እንዳነገተ ወደ አስተዋዋቂው ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከለት። አዲሱ ዘፈን «ዜማና ድምፅ ባህሪያ» ተብሎ ተነገረ።

ለጢፋ ልያ አጠገብ ነበሩ፤ ከገቡ ጀምሮ አላናገሯትም። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ከሰሉ በዝቶ እኮ ነው ያረረው። እሱንም ብትጽፊው ምን ነበረበት?»