የፓዙ ሁለተኛ መስመር

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እስካሁን አላለቀሰችም። ሰው ደግሞ ይህን አይወድም። የባሏ አክስት «ልቧ ድንጋይ ነው» እያሉ በሄዱበት ሁሉ አወሩባት። እሷ ጠዋት ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ የሰው ደም ትቀዳለች፣ ማታ ትተኛለች። ደንዝዛለች፤ ሌላ ስም የለውም።

ባሏ ለክሊኒኩ የሠራው የምርመራ ውጤት ማተሚያ ፕሮግራም እሱ ከሞተ ወዲህ ሲንገዳገድ ከርሞ ሰኞ ዕለት ጭራሹን ቆመ። የክሊኒኩ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትዕግሥታቸው ግን አጭር ነው። በማግስቱ ጠዋት «ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሳ ይነቀልና ሌላ ይገባል» አሏት። ከእጁ ሥራ የቀራት ይህ ብቻ ነው። ሸሚዞቹን እንኳ አክስቱ ለዘመድ አከፋፍለዋቸዋል።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ በሌላ ከተማ የሚኖር ፕሮግራም ሠሪ ነው። የወንድሙን ሥራ ሌሊቱን አድሶ ላከላት፤ የታደሰው ግን በአዲስ የፕሮግራም መሥሪያ ኪት ካልሆነ አይነሳም። ኪቱን ጫነች። የቀረው ፓዙን ማስተካከል ነበር፤ ኮምፒውተሩ መሣሪያ ሲፈልግ የትኞቹ ፎልደሮች ውስጥ እንደሚገባ የተጻፈበት ዝርዝር ማለት ነው። ዋርሳዋ በስልክ እየመራት የአዲሱን ኪት አድራሻ አስገባች። ከዚያ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት የትኛውን ኪት እንደሚያነሳ ስትጠይቀው ኮምፒውተሩ ያንኑ የባሏን አሮጌ ኪት ጠራላት።

«አልሠራም» አለችው።

«አዲሱን የት ነው ያስገባሽው?»

«ከአሮጌው በታች።»

«ለምን?»

«አሮጌው መቅደም አለበታ!»

ሳቁ በስልኩ መጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ የመጣ ጠርሙስ ከኋላ ይደረደራል፤ ጊዜው እንዳያልፍበት መጀመሪያ የሚያልቀው አሮጌው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ደንብ የኖረች ሴት ኮምፒውተር ሌላ ደንብ ይኖረዋል ብላ ከየት ታምጣው?

«እህትዓለም፣ ይሄ መደርደሪያሽ አይደለም። ከላይ ጀምሮ ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ እብስ ነው። አሮጌውን መስመር አጥፊው በቃ።»

መስመሩን አነበበችው። መጨረሻው ላይ ያለው የፎልደሩ ስም «ዘናጩ» ይላል። ስሙን ለባሏ ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሸሚዙን ሳይተኩስ ቆሻሻ ለመድፋት እንኳ ከደጅ አይወጣም ነበር። «በዚህ ስም ድጋሚ እንዳትጠሪኝ» እያለ ያኮርፋት ነበር። ለካ እሱ ራሱ ሥራውን በዚሁ ስም እያስቀመጠ ኖሯል።

ምንም አልተሰማትም። ጣቷ ግን አልታዘዝ አላት።

«አጠፋሽው?»

«ወደ ታች ባወርደውስ?»

«ይወርዳል። ግን ምን ያደርግልሻል? የሞተ መስመር እኮ ነው...» አለና ምላሱን ነከሰ።

አዲሱን ወደ ላይ አወጣችው፣ ዘናጩ ሁለተኛ ሆነ። እንደገና ብትሞክር ያው ነው።

«አሁንም እሱ ነው የሚመጣው» አለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ጥቁሩን መስኮት ዝጊውና አዲስ ክፈቺ። ቀድሞ የተከፈተው ለውጡን አልሰማም።»

ዘጋችው። ከፈተችው። አዲሱ ኪት መጣ፤ ፕሮግራሙም ተነሳ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ማተሚያው አጉረምርሞ የአንዲት አሮጊት የስኳር ውጤት አወጣ። ኃላፊው በበሩ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩና «ጎበዝ! በቃ ይቀጥል» ብለው ሄዱ።

«እንግዲህ ሠርቷል» አለ ዋርሳዋ። «ያቺን መስመር አጥፊያትና ዝርዝሩ ይጽዳ።»

«ቆይ ልጠይቅህ። የሚፈልገውን አዲሱ ጋ ቢያጣውስ?»

«ካጣውማ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል።»

«እሱ ጋ?»

«አዎ፣ እሱ ጋ።»

«ተወው እንግዲያ» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

አሮጊቷ ውጤታቸውን ሊወስዱ ሲገቡ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወረቀቱን እንደያዘች ተቀምጣለች። ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ የቁጥሩ ቀለም ፈስሶ አይነበብም።

«ውሃ ነካው እንዴ ልጄ?»

«አዎ እማማ» አለች፣ ፊቷን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች። «ይቀመጡ፤ ሌላ አትምልዎታለሁ።»