በቁጥቋጦዋ ሥር የተቀመጥነው ለቅሶ

ባለቤቴ ዳኘው በ1977 ዓ.ም. ግንቦት አጋማሽ ላይ በወባ ሞተ። እድርተኛው ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ድንኳን ተከለ። እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው መጪውን ሰኞ ነበር።

ሰኞ የቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ከሐይቁ በላይ ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ለባሕር ዛፍ ጉድጓድ እንዲቆፍር ታዟል። እዚያ ተዳፋት ላይ አንዲት ቁጥቋጦ አለች። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም። በመጋቢት ቅጠል ሳታወጣ ነጭ አበባ ታብባለች፤ አበባው በሦስተኛው ቀን ወደ ቢጫ ይዞራል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የነበረው ዳኘው አራት ዓመት ሙሉ በየእረፍቱ የሐይቁን ዳር እየዞረ ብጤዋን ፈለገ። ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ሌላ አላገኘም። ሽማግሌዎቹ "ድሮ ሞልቶ ነበር፤ ለማገዶ አለቀ" አሉት። ስሟን እንኳ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

ባለፈው ዓመት ፍሬዋን በአረንጓዴው ቆርጦ ሸራ ላይ አሰጣው። ለባሕር ዛፍ እንዲያ ነው የሚደረገው፤ ፀሐይ ሲመታው ይከፈትና ዘሩን ይሰጣል። ዘራው። አንድም አልበቀለም። "ተጣድፌ ገደልኋቸው፤ እናታቸው ላይ መብሰል ነበረባቸው" እያለ ክረምቱን ሙሉ ተብሰለሰለ። ዘንድሮ ሊጠብቅ ቆርጦ ነበር። ታሞ ተኝቶ እንኳ "ፍሬው ጠቆረ ወይ?" ይለኛል። ሄጄ አያለሁ፤ ገና ነው።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ አስማማው ሄድሁ።

"ያችን ቁጥቋጦ ፍሬዋ እስኪጠቁር አሥር ቀን ብቻ ተዋት፤ ከዚያ ንቀላት" አልሁት።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ አገር በድርቅ እያለቀ ደን እንትከል ስንል አንቺ ለአንዲት ጭራሮ ትለምኛለሽ? ትእዛዙ ከላይ ነው። የጋሼ ዳኘውን ነፍስ ይማር።"

ቤት ስመለስ ጎረቤቴ ፀሐይወርቅ ለለቀስተኛው ንፍሮ ታድላለች።

"ሰሌኑን አንሺ" አልኋት። "ለቅሶው ወደ ተዳፋቱ ይሄዳል።"

"አበድሽ እንዴ? ለቅሶ የሚቀመጡት ቤት ነው! ሰው ምን ይላል?"

"የሚለውን እዚያው መጥቶ ይበል።"

አጉረመረመች፤ ሰሌኑን ግን ጠቅልላ ተሸከመች።

ሰኞ ጠዋት ቆፋሪዎቹ ሲደርሱ እኔና ሰባት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቁጥቋጦዋን ከብበናል። ከቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ የእድራችን ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጥ የሚያልፍ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም። አንዱ ዶማውን አስቀመጠና "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብሎ ተቀመጠ። ሌላው ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ ዶማው ሁሉ አንድ ቦታ ተከምሮ ሰዉ ንፍሮ ይዘግናል።

አስማማው መጣ። "ምንድን ነው ይሄ? ሥራ ነው ወይስ ሰርግ?"

"ለቅሶ ነው፣ ጓድ" አለችው ፀሐይወርቅ። "አንተም እስካሁን አልደረስህም። ቁጭ በል!"

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። አስማማው ቆቡን አውልቆ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲነሣ ቆፋሪዎቹን "ከወዲያ ማዶ ጀምሩ" አላቸው። ወደኔ ዞሮም "እዚህ እስክንደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ብታለቅሽም አልሰማሽም" አለኝ።

በየቀኑ እየሄድሁ ተቀመጥሁ። አንዳንድ ቀን ከልቤ አለቀስሁ፤ አንዳንድ ቀን ፍሬ ስቆጥር ማልቀሴን ረሳሁ። ጉድጓዱ እየቀረበ መጣ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለቆፋሪዎቹ ሃያ እርምጃ ያህል ቀራቸው። ፍሬው ጠቁሯል፤ አልተከፈተም። እጄ ሊቆርጠው ተዘረጋ፤ መለስሁት። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አንዱ ፍሬ ጧ ብሎ ተሰነጠቀና ዘሩ ተፈናጥሮ ጉንጬን መታኝ።

"ነጠላ! ነጠላ አምጡ!" ብዬ ጮኽሁ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከሥሯ አነጠፉ። ቆፋሪዎቹ ተንበርክከው ከሣሩ ውስጥ ለቀሙ። እስኪመሽ ሁለት እፍኝ ሞላ። በማግስቱ ቁጥቋጦዋ ተነቀለች። ስትነቀል አላየሁም፤ ቤት ተቀምጬ ዘር እየለየሁ ነበር።

ከዘራሁት አሥራ አንድ በቀለ። ሰባቱን ክረምቱ አበሰበሰብኝ። የተረፉትን አራቱን ዓመት ከመንፈቅ አሳድጌ ሁለቱን ዱርቤቴ ከተማ እናቴ ጓሮ ተከልሁ። ሁለቱን ደግሞ ሐይቁ ዳር ወዳለ ደብር ወሰድሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ የሚቆርጥ የለም። መምሬ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አረጋዊ ቄስ በሩ ላይ አገኙኝ።

"መድኃኒት ናት?" አሉኝ።

"አይደለችም።"

"ፍሬዋ ይበላል?"

"አይበላም፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ላስገባት?"

"ካልገባች ከምድር ላይ ትጠፋለች። ሌላ የምልዎ የለኝም።"

ዝቅ ብለው ችግኞቹን አዩ። ከዚያም በመቋሚያቸው ከካቡ ጥግ ያለውን ድንጋያማ ቦታ አሳዩኝ። ዶማ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ መቆፈር ጀመርሁ።