የምክትሏ ፈቃድ

የአባታችን የመጨረሻ ወይን ከተራራችን የወይን ፍሬ፣ አሊያኒኮ ከምንለው የተጠመቀ ነው። አሊያኒኮ በልጅነቱ ክፉ ነው፤ ምላስ ያደርቃል፣ ድድ ይቆነጥጣል። ዓመታት በወይን ማቆያው ዋሻ ውስጥ ካልተኛ ሰው አይሆንም። ይህን በሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ታላቅ ወንድሜ ካኒዮ ግን ትዕግሥት አልፈጠረበትም። አባታችን ጠርሙሶቹን ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ እኩል ሲያካፍል፣ ካኒዮ ድርሻውን በዓመቱ ከፍቶ ጨረሰና በራሱ በአባታችን ፊት «ሆምጣጤ!» አለ። አባታችን በዚያው ክረምት ሞተ። ሁለተኛው ወንድሜ ሳቪኖ «የገደለው ያ ቃል ነው» ብሎ ሠላሳ ዓመት አኮረፈ።

እኔስ? ፍሬውን ከአባቴ ጋር የለቀምኩት፣ በእግሬ የረገጥኩት እኔ ኢንኮሮናታ ነኝ። ለኔ የደረሰኝ የመግረዣ መቀስ ነው። ከዚያ ወይን አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም፤ ቅመሺ ያለኝም የለም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲኖስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ሳቪኖ ከድርሻው የተረፈችውን የመጨረሻዋን ጠርሙስ አወጣና ወደ ዋሻው ለጨዋታ ጠራን። ካኒዮንም ጭምር! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በጨዋታችን በካርታ ያሸነፈ አለቃ ይሆናል፣ ተከታዩ ምክትል። አለቃው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚጠጣ ይጠራል፤ ምክትሉ ካልፈቀደ ግን የተጠራው አይቀምስም። የተከለከለውን ብርጭቆ ምክትሉ ከፈለገ ራሱ ይጨልጠዋል። ሳይጠራ ጉሮሮው ደርቆ የሚያመሸውን «ግንድ» እንለዋለን። ሳቪኖ የተነሣው ካኒዮን ግንድ ሊያደርገው ነው።

ሦስተኛው ተጫዋች ፀጉር አስተካካዩ ዶናቶ ነበር። ባሌ ወገቡን ይዞት ስለተኛ አራተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ካርታውን ያደለው ሳቪኖ ነው፤ አለቃ ሆኖ የወጣውም ሳቪኖ ነው። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅነውም። ምክትሏ እኔ ሆንኩ።

«እሰይ! እህቴ መቼም አታሳፍረኝም» አለ እጁን እያሻሸ።

ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ ሞላ፤ ጠርሙሱ አለቀ። አንዱን ወዲያው ጨለጠውና ፊቱ ተኮማተረ። አሮጌ ወይን እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት ይነጫነጫል። ቁጭ ብሎ አየር መውሰድ አለበት።

«ግሩም ነው!» አለ ዓይኑ እያነባ። «ዶናቶ ይጠጣ!»

«አይፈቀድም» አልኩ።

ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቆሙ። አልነካኋቸውም፤ ምን አስቸኮለኝ?

«ምን በደልኩሽ አንቺ?» አለ ዶናቶ። «ትናንት እኮ ባልሽን አልጋው ድረስ መጥቼ ነው የላጨሁት!»

«አሳምረህ ብትላጨው ይሄኔ ትጠጣ ነበር።»

ሳቪኖ ራሱን ጠራ። ከለከልኩት። ዶናቶን ደግሞ ጠራ። ከለከልኩ። ፀሐይዋ ከዋሻው በር እስክትሸሽ ድረስ እንዲሁ ስንጨቃጨቅ ቆየን። ካኒዮ ብርጭቆዎቹን ብቻ ያያል። ሽታቸው እየጣፈጠ ሲመጣ እኔም ምራቄን ዋጥኩ።

«አንቺ ግትር!» አለ ሳቪኖ በመጨረሻ። «ለሁሉም እምቢ አይደል? እንግዲያው ካኒዮ ይጠጣ! በይ እምቢ በይ!»

«ይጠጣ» አልኩ።

ዶናቶ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ሳቪኖ እያጉረመረመ ብርጭቆውን ወደ ካኒዮ ገፋ፤ አለቃ የጠራውን አይመልስም።

ካኒዮ ተጎነጨ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣና ጨረሰው።

«ሳቪኖ… ይሄን ነው ሆምጣጤ ያልኩት?» አለ። «ለአባባ?»

ያ ግዙፍ ሰውዬ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሳቪኖም ጉረኛ እንጂ ክፉ አይደለም፤ ተነሥቶ አቀፈው። ሁለቱም ሲነፋረቁ ቆዩ።

«ይቺን የቀረችውን ከካኒዮ ጋር እንካፈላታለን» አለ ሳቪኖ ብርጭቆዋን እያነሣ። «እታለሜ፣ ፍቀጂ እንጂ!»

«አይፈቀድም» አልኩና ከእጁ ወሰድኳት።

ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ አተላዋ ጠጣሁ። ያ ድድ ቆንጣጭ ልስልስ ብሏል። በዚያ የለቀማ ጥቅምት እግሬ ሥር የፈነዳው ፍሬ ሁሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር፤ ደስታዬ ወሰን አጣ።

«እንዴት ነው?» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ።

ስለዚያ ወይን ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከንፈሬን በመሐረቤ ጠረግኩና፣

«ሆምጣጤ» አልኳቸው።