ዜሮ ለሲስተር

ክፍላችን ውስጥ ስድስት አልጋ ነበር። ስድስታችንም ሆዳችን ተቀዶ የተሰፋ ወንዶች ነን። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የእኔን ስፌት ገልጦ አየና፣ "ይህን ለሰፋ ሰው የትራስ ልብስ አላስነካውም" አለ።

በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ ሕመም ልለካ አለ። ነርሶቹ በየተራቸው እየዞሩ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ሕመማችን ስንት እንደሆነ ይጠይቁናል። ቁጥሩ ከጠያቂው ነርስ ስም ጋር ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል። ከማዶ አልጋ የተኛው ሹፌር ሽንት ቤት ሲሄድ አይቶት መጣ።

"የነርሶቹ ማርክ ነው። ቁጥር የበዛበት ይባረራል" አለ።

ማን እንደነገረው አልጠየቅነውም። ሹፌር ሁሉን ያውቃል።

የቀኗን ሲስተር እንወዳታለን። ስለዚህ ዜሮ እንላታለን። የማታው ነርስ ፊቱ ኮምጣጣ ነው፤ እሱን አሥር፣ አሥር እያልን እንቀጠቅጠዋለን። እሱም አሥር ላለው ሁሉ የማስታገሻ መርፌ ይወጋል። በምንጠላው ሰው ተራ እንደ ሕፃን እንተኛለን፤ በምንወዳት ተራ ጥርሳችንን ነክሰን እንውላለን። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌሎቹ ወይ ተኝተዋል፣ ወይ ጥርሳቸውን ነክሰዋል።

ኮምጣጣው ዕረፍት ወጣ። ሲስተር የእሱንም ተራ ደርባ ያዘች። ልብስ ሰፊው በዚሁ መሀል ባሰበት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አንሶላው በላብ ራሰ፤ ሆዱ ተነፋ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ነው?" አለችው ሲስተር።

"ዜሮ፣ የኔ ልጅ።"

ሐኪሙ መጥቶ ወረቀቱን አየ። ሰውየውን አላየም። "ጎበዝ፤ ነገ ቤትዎ ይገባሉ" ብሎት አለፈ።

"አንተ ሰው፣ ልትሞት እኮ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ከሥራዋ ላስወጣት?"

"ሬሳህን ስትሸፍን ደስ የሚላት መሰለህ?"

"ሆዱ የራሴ ነው።"

ሹፌሩ ከማዶ ሆኖ፣ "ቢያንስ ሁለት በላት። ሁለት አያስባርርም" አለ።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ሲስተርን ጠራኋት።

"እኛ የምንነግርሽ ሕመማችንን አይደለም። ማርክ ነው የምንሰጥሽ። ስለምንወድሽ ነው።"

ሹፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ የልብስ ሰፊውን ሆድ ነካች። ሳቋ ቆመ።

"እውነቱን ይንገሩኝ። ስንት ነው?"

"አትባረሪም?"

"ማን ነው የሚያባርረኝ?"

"እንግዲያው አሥር ነው" አለና አለቀሰ።

እየሮጡ ወሰዱት። ሆዱን እንደገና ከፍተው መግሉን አጠቡለት። ሐኪሙ፣ "ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ሲስተር አልተወችውም፤ በየአልጋችን እየዞረች ሰደበችን። ለሹፌሩ ጨመር አደረገችለት።

ልብስ ሰፊው ተርፏል። አፉም ተፈትቷል። አሁን ትራሱ ሲጎረብጠው እንኳ ዘጠኝ ይላል።